በአዲስ አበባ አስቤዛ ሲሸምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝ ከተቀበሉ ሳምንት ሳይሞላ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆኗል። የቤት ኪራዩንና የትራንስፖርቱን ወጪ አንድ ቤተሰብ በራሱ ውሳኔ በቀላሉ ሊቀንሰው አይችልም፤ አስቤዛን ግን መቼ፣ ከየት፣ በምን ያህል መጠንና በምን መስፈሪያ እንደሚገዛ ሊወስን ይችላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው የሚፈጸሙት ከስንፍና ሳይሆን ከጊዜና ከገንዘብ እጥረት የተነሣ በመሆኑ፣ በእጁ ጥቂት ብር ብቻ ያለው ሰው የሚያዋጣውን መንገድም አብሬ ለማመልከት እሞክራለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ጤፍን በተጠራው ዋጋ ብቻ ማወዳደር ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ኩንታል ላይ የተለያየ ዋጋ ሲጠሩ ዓይናችን ወዲያው ወደ ርካሹ ይሄዳል፤ ሆኖም ርካሹ ጤፍ አፈርና ገለባ የበዛበት ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ለጤፍ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ከ100 ኪሎው ውስጥ ተነፍቶና ተበጥሮ 6 ኪሎ ቆሻሻ ቢወጣለት፣ ዋጋው መካፈል ያለበት ለ94 ኪሎ ነው፤ በዚያ ላይ የተሸካሚ፣ የመኪና፣ የማስነፊያና የወፍጮ ሒሳብ ይደመራል። ስለዚህ ጤፉን ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐልና ከሥር አስወጥቶ ማየት፣ በመዳፍ አሽቶ እፍ በማለት የሚቀረውን አቧራ መመልከት ያስፈልጋል። ዓይነቱም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል፤ ለዕለት እንጀራ ሰርገኛ በቂ ሆኖ ሳለ እንግዳ ምን ይለኛል በሚል ይሉኝታ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ማኛ የሚገዛ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ተፈጭቶ የሚሸጥ ዱቄት ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ለማወቅ ስለሚያስቸግር፣ ሩዝ ወይም ማሽላ መቀላቀል የሚፈልግ ሰው እህሉን ለየብቻ ገዝቶ በራሱ መጠን ቢያስፈጭ ይሻለዋል። በሌላ በኩል በአንዲት ክፍል ለሚኖር ብቸኛ ሠራተኛ ምጣድ ገዝቶ፣ መብራት ጠብቆ፣ ሊጥ አቡክቶ ከመጋገር ይልቅ ከታመነች ጋጋሪ ጥቂት እንጀራ መግዛት ብዙ ጊዜ ይቀልለዋል፤ «ቤት የተጋገረ ሁሉ ርካሽ ነው» የሚለውን አባባል ሳያሰሉ መቀበልም ራሱ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዘይቱን፣ ስኳሩንና ሽሮውን ከሰፈር ሱቅ በሩብና በግማሽ ኪሎ እየገዙ ወሩን መጨረስ ነው። እንዲህ የሚገዛው ሰው በኪሎ ሲሰላ ከሌላው የበለጠ ይከፍላል፤ በዱቤ ሲሆን ደግሞ ዋጋውን ለመከራከር አፉ አይደፍርም። ነገር ግን ኩንታል የመግዛት አቅም የሌለውን ሰው «በብዛት ግዛ» ብሎ መምከር ችግሩን አለማየት ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራዮች ገንዘብ አዋጥተው ኩንታሉን ቢከፋፈሉ፣ ወይም በየወሩ ለአንዱ ጤፍ የሚገዛበት አነስተኛ ዕቁብ ቢጥሉ፣ ማንም ሳይበደር ሁሉም በጅምላ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ዕቁብ ለትልቅ ዕቃ መግዣ ብቻ ነው ያለው ማነው?

የበዓልና የጾም ቀን አቆጣጠርን ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ለሸመታ አለመጠቀማችን ሌላው ጉድለት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የቅቤና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ የፋሲካ ሳምንት ሲደርስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ሾላ ይጎርፋል። ቅቤውን በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ፣ አንጥሮና በደንብ ከድኖ ያስቀመጠ ሰው ከዚያ ግፊያ ይተርፋል፤ ለወጥ የሚሆነውም ለጋው ሳይሆን ዋጋው ቀለል የሚለው መካከለኛው ወይም በሳሉ ነው። ምስርና አተር ክክ በአንጻሩ ከቅበላ በፊት ቢሸመቱ ይመረጣል። በረመዳንም የዱቄት፣ የዘይትና የቴምር ፈላጊ እንዲሁ ይበዛል፤ በቅርብ ዓመታት ሁለቱ ጾሞች ስለተገጣጠሙ ቀድሞ መሸመት የሁለቱንም እምነት ተከታዮች ይጠቅማል።

ዛላ በርበሬ ላይ ያለውን ስህተት ብዙዎች የሚረዱት ወፍጮ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። የማረቆም ሆነ የሃላባ በርበሬ እርጥበት ከያዘ በሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግን ይቀልላል፤ ገዢው የውኃ ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። ዛላው ሲወዘወዝ ፍሬው ውስጡ የሚንኳኳና ሲታጠፍ የሚሰበር መሆኑን ማረጋገጥ ብዙ ደቂቃ አይወስድም። በመደብ የሚሸጥ ቲማቲምና ድንችም ቢሆን ቤት ወስዶ አንድ ጊዜ መመዘን የመደቡን እውነተኛ ዋጋ ያሳውቃል።

ርካሽ ገበያ ለማግኘት ሲባል ርቀትን መርሳትም ያከስራል። አትክልት ተራ በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፣ ከየካ ወይም ከጉለሌ ተነሥቶ ለሦስት ኪሎ ሽንኩርት እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ትርፉን ለታክሲ ይሰጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ መጠን የሰፈሩ የእሁድ ገበያና የወረዳው ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ይበልጣሉ፤ በተለይ በጠዋት ለደረሰ። የጅምላውን መንገድ ለጎረቤት ጭምር በጆንያ ለሚገዙ እንተወው። ጎመን በጀርባዋ አዝላ መንገድ ዳር ከምትሸጥ እናት ላይ ሁለት ብር ለማስቀነስ መሟገት ግን በእኔ እምነት ቁጠባ ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም።

በመጨረሻም፣ የገዙትን ማበላሸት አለ። ሽንኩርት በፌስታል ታስሮ ሲቀመጥ ይበቅላል፣ ይበሰብሳልም፤ አየር በሚያገኝ ቅርጫት ውስጥ፣ ከድንች ተለይቶ ይቀመጥ። የበሰለ ቲማቲም በብዛት በርካሽ ከተገኘ ደግሞ በዚያው ቀን ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ስልስ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ማቀዝቀዣ ለሌለው ደግሞ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል።