ሌሊት የሚወጡ የጫካ እንስሳትን በካሜራ ወጥመድ እንዴት ማንሳት ይቻላል?

ሐዋሳ ላይ ጦጣ ፎቶ ማንሳት ሥራ አይደለም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሂዱ፣ ራሷ ትመጣለች። ሙዝ ከያዛችሁማ ጭናችሁ ላይ ትወጣለች። የሚያስቸግሩት ሌሊት የሚወጡት ናቸው፦ ጥርኝ፣ ሸለምጥማጥ፣ ጃርት። ወንዶ ገነት አካባቢ ያደገ ሰው ዱካቸውን ያውቃል፣ ዶሮ ሲጠፋም ማንን እንደሚጠረጥር ያውቃል። ፊት ለፊት ያያቸው ግን ጥቂት ነው። ካሜራ ወጥመድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዛፍ ላይ ታስሮ ያድራል፤ ሞቅ ያለ ገላ ከፊቱ ሲያልፍ ራሱ ያነሳል።

መጀመሪያ ፈቃድ። ጫካውን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ደብዳቤ ያዙ፣ ከጥበቃው ጋር ሻይ ጠጡ። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ወጥመድ ላጠምድ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ዱላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሳጥኑን ከፍቼ፣ ደብዳቤውን አንብቤ ነው የተረፍኩት። እናንተ «ካሜራ» ብቻ በሉ።

ቀጥሎ ባትሪ። ብዙዎቹ ካሜራዎች 8 ትንንሽ ድንጋይ ይፈልጋሉ። ከሱቅ ርካሹን ድንጋይ ገዝቼ ሞልቼበት ነበር። ቀን ቀን ጦጣና ከብት አንስቶ ማታ ዓይኑን ጨፈነ። ለካ ባትሪውን የሚበላው የሌሊቱ የኢንፍራሬድ (ዓይን እምብዛም የማያየው) መብራት ነው። ሊቲየም ውድ ነው፣ ግን ይቆያል። ካቃታችሁ ቻርጅ የሚደረገውን ግዙ። መብራቱን በተመለከተ፣ 850 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው) የሚሉት ሲበራ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይታያል፤ 940 የሚሉት ለዓይን አይታይም፣ ግን ብርሃኑ ሩቅ አይደርስም። ሌባ ለሚፈራ ሰው እኔ 940ውን እመርጣለሁ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቦታ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ሦስት ሳምንት አቃጥያለሁ። ካሜራውን ደረቴ ልክ አሰርኩት፣ ለእኔ እንዲመቸኝ። የመጣው የጥርኝ ጀርባ፣ የጃርት ጫፍ፣ ቀሪው ሁሉ ሣር ነው። ሸለምጥማጥ ቁመቱ ከድመት አይበልጥም። ካሜራው ከጉልበት በላይ አይውጣ፤ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እንስሳው ከሚሄድበት መንገድ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሜትር አርቁት።

ሣሩ ለምን ይነሳል? ካሜራው የሚያየው የሚንቀሳቀስ ሙቀት ነው። ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል ንፋስ ሲያወዛውዘው ለእሱ እንስሳ ነው። ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሩት፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ እንዳያገኘው። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ፣ የተንጠለጠለችውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። ቁጥቋጦውን ግን አትጨፍጭፉት፣ እንስሳው መንገድ ይቀይራል።

አቅጣጫም አለ። ካሜራው መንገዱን ቀጥ ብሎ ካቋረጠ እንስሳው እልፍ ሲል ጭራውን ብቻ ታገኛላችሁ። መንገዱን ይዞ ርቆ ካየ ደግሞ ወደ እሱ የሚመጣውን ቶሎ አያውቀውም። ሰያፍ አድርጉት። ጎኑ መታየት አለበት። የሸለምጥማጥ ነጠብጣብ ከአንዱ አንዱ ይለያል፣ ጎኑ ከሌለ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

የትኛው መንገድ ላይ? ጥርኝ ይህን ያቀልልናል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይጸዳዳል። የፍሬ ዘርና የነፍሳት ቅርፊት የሞላበት ክምር ካያችሁ ደጃፉ ላይ ናችሁ። ሥጋ ማስቀመጥ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልወድም፣ ጅብ ይጠራል፣ ጅብ ደግሞ ሥጋውን ጨርሶ ካሜራውን ያኝካል።

አስራችሁ ስትጨርሱ የካሜራውን ማብሪያ ሙከራ (TEST) የሚለው ላይ አድርጉና ከፊቱ በዳዴ እለፉ። አዎ፣ በአራት እግር። ትንሿ መብራት ብልጭ ካላለች አስተካክሉት። ጋሼ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ደህና ነህ?» ብለውኛል።

ሰዓቱ። ይቺን አትዝለሏት። ካሜራው የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆሜ 3፡00 ብዬ ሞላሁት። ለእሱ ግን ሌሊት ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ያለፈችው ጥርኝ 16፡00 ተብላ ተመዘገበች፤ በጠራራ ፀሐይ ሽር ስትል የዋለች ትመስላለች። ቀኑንም እንዲሁ በፈረንጅ ሙሉት። ለእኛ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ካሜራው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይራል። ወደ ሀበሻ መቀየሩን ቤት ገብታችሁ፣ ደብተር ላይ። ከመሄዳችሁ በፊት የስልካችሁን ሰዓት ካሜራው ፊት ያዙለትና ያንሳው። ስህተት ቢኖር እንኳ በስንት እንደተሳሳተ ታውቃላችሁ።

ሌላው ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ 3 ፎቶ እንዲያነሳ አድርጉ፣ ቪዲዮውን ተዉት፣ ባትሪ ይጨርሳል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አትመለሱ። በየሁለት ቀኑ የሚሄድ ሰው የራሱን ፎቶ ነው የሚሰበስበው። ሚሞሪውን ስታወጡ እንጨት ለቃሚ ሴቶች ገብተው ከሆነ ሰርዙ፣ አልፈቀዱላችሁም። የጥርኙን ትክክለኛ ቦታም በይፋ አትለጥፉ።

የመጀመሪያዋን ጥሩ የሸለምጥማጥ ፎቶ ለጋሼ በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና «ይቺን ሌባ አውቃታለሁ» አሉ። ቀጥለው ካሜራ ይተርፈኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሦስተኛውን ካሜራ ዶሮ ቤታቸው አጠገብ አሰርነው። ከፍታውን የለኩት እሳቸው ናቸው፣ በጉልበታቸው።