የሴፍቲኔት እናቶችን ለሆስፒታል ሥራ ስታሰለጥኑ

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሥራዬ ጎን ለጎን በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ክፍያ በሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ የታቀፉ ሴቶችን ለጤና ተቋም ሥራ አዘጋጃለሁ። አብዛኞቹ በጠዋት መጥረጊያ ይዘው መንገድ ላይ የምታዩዋቸው እናቶች ናቸው። የሚያገኙት ድጋፍ ቀን አለው፤ ያልቃል። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ደግሞ ሰው መፈለጉን አያቆምም፤ ለጽዳት፣ ለላውንደሪ፣ ለወጥ ቤት፣ ለተላላኪ፣ ለካርድ ክፍል። ቡሬም ሁኑ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ፣ እንዲህ ያለ ሥልጠና ለመጀመር ካሰባችሁ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መማሪያ ክፍል ከመፈለጋችሁ በፊት የሴትዮዋን ውሎ ጠይቁ። ጠዋት የማኅበረሰብ ሥራ ላይ ናት። ከቀረች ክፍያዋ ይቆረጣል። ሥልጠናውን በዚያው ሰዓት ካደረጋችሁት ክፍያውን ትመርጣለች፤ ልክም ናት፣ ልጆቿ መብላት አለባቸው። ስለዚህ ከቀበሌው አስተባባሪ ጋር ተነጋግራችሁ ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ለሚጠባ ልጅም ቦታ አዘጋጁ። ከመካከላቸው አንዷ በተራ ልጆቹን ትይዛለች፣ ሌሎቹ ይማራሉ። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም ቀጠሮ አትያዙ፤ የሚመጣ የለም። ግን ሆስፒታል በዓል እንደማያውቅ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሯቸው። የታመመ መርዳት ጽድቅ ነውና አይከፋቸውም። የሚያስከፋቸው ኋላ ድንገት ሲነገራቸው ነው።

ትምህርቱን ከእጅ ጀምሩ። ስለ ጀርም ረጅም ገለጻ አያስፈልግም። ባልዲ፣ በረኪናና አንድ ኩባያ አምጡ። የበረኪናው ዕቃ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ፣ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውኃ ይበረዛል፤ 0.5 በመቶ ይሆናል። ደም የፈሰሰበት ወለል የሚጸዳው በዚህ ነው። መለኪያው ያው አንድ ኩባያ ይሁን። በግምት መገልበጥ ክልክል ነው፤ ከቀጠነ አይሠራም፣ ከወፈረ እጅና ዓይን ያቃጥላል። በየቀኑ አዲስ ይበረዛል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በጭራሽ አይቀላቀልም፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እያንዳንዷ በራሷ እጅ ትበርዝ። አንዷ ስትበርዝ ሌላዋ ጮክ ብላ ትቁጠር።

ፊደል ያልቆጠረችስ? እሷም ትችላለች፤ የሆስፒታል ቆሻሻ የሚለየው በባልዲ ቀለም ነው። ጥቁሩ ባልዲ ለተራ ቆሻሻ ነው፤ ለወረቀት፣ ለብርቱካን ልጣጭ። ቢጫው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለነካው ፋሻና ጓንት ነው። መርፌና ስለት ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የማይበሳ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ ከዚያ በላይ አይጠቀጠቅም። እኔ ንጹህ ፋሻ በቀይ ቀለም ነክሬ፣ ከወረቀትና ከልጣጭ ጋር ጠረጴዛ ላይ አፈሰዋለሁ። ጓንት አድርገው ይለያሉ። ስሟን መጻፍ የማትችል አንዲት የሁለት ልጆች እናት አንዲት ፋሻ ሳትስት ስትለይ አይቻለሁ። እሷን «አልተማረችም» ብሎ መመለስ ግፍ ነው።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ እንዳትዘሉት። መርፌ የወጋት የጽዳት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ትደብቃለች። ከሥራ የሚያባርሯት ይመስላታል። ወዲያው በውኃና በሳሙና ትታጠብ፣ ቁስሉን አትጭመቀው፣ በዚያው ሰዓት ለኃላፊዋ ትናገር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ይህን የምታስተምሩት ወደ ዋርድ ከመግባታቸው በፊት ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በስድስተኛው ወር። ተቋሙ እንዲከትባቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ኋላ» ከተባለ ይረሳል።

ቀጥሎ አንደበት። ከቆላ በቃሬዛ ታማሚ ይዞ የመጣ ገበሬ ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን አይደለም፣ መጥረጊያ የያዘችውን ሴት ነው። «አባቴ፣ በዚህ በኩል ይምጡ» ማለት ሥራ ነው፤ ይለመዳል። አንዷ ገበሬ፣ አንዷ ሠራተኛ ሆነው ይለማመዱ። ሌላው ምስጢር ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰዉ ዘመድ አዝማድ ነው። ማን ተኝቶ እንዳየች፣ ማን ምን እንደተመረመረ፣ ቡና ላይ አይወራም። ጎረቤት «እገሌ ምን ሆኖ ነው?» ሲላት ምን እንደምትመልስ አብራችሁ አዘጋጁ። «እኔ የማውቀው የለም፣ እግዜር ይማረው» ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ላይ ግን አታቁሙ። በምዝገባ ቀን፣ ከስሟ አጠገብ ቀጥሎ የምትይዘውን ሥራ ጻፉ። ጽዳት የጀመረች የፈረቃ ኃላፊ መሆን ትችላለች። 8ኛ ክፍል የጨረሰች የማታ ትምህርት ትቀጥል፣ ኮምፒውተር ትልመድ፣ ካርድ ክፍልን ታስብ። ከዚያ በላይ ኮሌጅ አለ፣ በየደረጃው የብቃት ምዘና አለ፤ ሲኦሲ የምንለው። ይህ ተረት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ነው የወጡት። ከእነሱ ብዙዎቹ ሥራ ላይ ሆነው ተምረው ደረጃ 4 ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሰናክላል። አንዱ ፈረቃ ነው። ዛሬ ቀን፣ ነገ ሌሊት የምትገባ ሴት የማታ ትምህርት መማር አትችልም። ሜትሮኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) ወይም የክፍሉን ኃላፊ ቋሚ ፈረቃ ለምኑላት፤ እናንተ ስትጠይቁ ይሰማል፣ እሷ ብቻዋን ስትጠይቅ ላይሰማ ይችላል። ሁለተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ብዙ ቦታ ጽዳቱ በኤጀንሲ ወይም በማኅበር ነው፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ የሠራችበትን ዓመት የሚመሰክርላት ታጣለች። ስለዚህ በየዓመቱ ደብዳቤ ታውጣ። የገባችበት ቀን፣ የሠራችበት ክፍልና የሥራው ዓይነት ይጻፍበት፣ ፊርማና ማኅተም ይረፍበት። ከሥልጠና ምስክር ወረቀቷና ከክትባት ካርዷ ጋር አንድ የፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ኮፒውም እናንተ ዘንድ ይኑር። የማታ ትምህርት ምዝገባ ከመድረሱ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ፋይሉን አብራችሁ ክፈቱና የጎደለውን አሟሉ።