የአካባቢ ታሪክና የገጠር ባህል መርሃ ግብር ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአንድን ገጠር ታሪክ ለሕዝብ ማቅረብ፣ ማለትም ውይይት ማዘጋጀት፣ ዐውደ ርዕይ መክፈት፣ የአዛውንቶችን ትውስታ መቅዳት፣ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። አዳራሽ፣ ማይክሮፎን፣ አንድ የታሪክ ምሁር፤ በቃ። ነገሩ የሚበላሸው ግን አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ማን ይናገር፣ ማን ይጠይቅ የሚለው ሲወሰን።

ርዕሱን ቆርጦ ይዞ መሄድ

አዘጋጁ ከከተማ ርዕስ መርጦ፣ ተናጋሪ መድቦ፣ ፖስተር አሳትሞ ይመጣል። ነዋሪው የሚፈለገው ወንበር ለመሙላት ብቻ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ? አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሙዚየሞችን የሚያስተዳድረው የስሚዝሶንያን ተቋም ከየክፍለ ግዛቱ የሂዩማኒቲስ (ታሪክ፣ ቋንቋና ፍልስፍናን የመሳሰሉ ዘርፎች) ምክር ቤቶች ጋር ሆኖ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተዘዋዋሪ ዐውደ ርዕዮችን ወደ ትናንሽ ከተሞች ይልካል። ከማዕከል የሚመጣው ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ከተማ የራሱን ታሪክ፣ የራሱን ፎቶና ዕቃ አክሎ እንዲያቀርብ ይበረታታል። እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ይኼኛው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከርዕስ በፊት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ እናንተ ስለዚህ ቦታ ምን ይነገር ትላላችሁ? ምንስ ሲነገር ያናድዳችኋል? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተሻለ መልስ ያመጣል።

ጠያቂው ማን እንደሆነ መዘንጋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ከ1936 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ባሠማራቸው ጸሐፊዎች አማካይነት በባርነት ውስጥ ያለፉ ሰዎች ከ2,300 በላይ ምስክርነቶች ተሰብስበዋል። ከነዚህ መካከል በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሱዛን ሃምሊን የተባሉ አዛውንት ሁለት ጊዜ ተጠይቀዋል። ከጠያቂዎቹ አንዷ ነጭ ሴት ነበረች፤ አዛውንቷም ከእርዳታ ቢሮ የተላከች መሰላቸው። ጌታቸው ደግ ሰው እንደነበር ነገሯት። በሌላ ጊዜ ኦገስተስ ላድሰን የተባለ ጥቁር ጠያቂ ሲመጣ ግን ወሬው ተገለበጠ፦ ግርፋቱን፣ ቤተሰባቸው በድንገት የተሸጠባቸውን ሰዎች ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ጩኸት ተረኩለት። ሴትዮዋ ያው፣ ሕይወታቸውም ያው፤ የተለወጠው ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ሰው ነው።

የእርዳታ እህል የሚያድል፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ወይም አባቱ የመሬቱ ጌታ የነበረ ሰው መቅረጫ ይዞ ቢመጣ ማን እውነቱን ይነግረዋል? መፍትሔው ጠያቂዎችን መቀያየር፣ ከራሱ ከመንደሩ ወጣቶችን ማሠልጠን፣ እና በመዝገቡ ላይ የባለታሪኩን ብቻ ሳይሆን የጠያቂውንም ማንነት ማስፈር ነው። የኋላው ዘመን አንባቢ ማን ለማን እንደተናገረ ካላወቀ ቃሉን መመዘን አይችልም።

ዓመተ ምሕረቱ ስለተሳሳተ ትውስታን መጣል

ጣሊያናዊው ተመራማሪ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በብረት ፋብሪካዋ በምትታወቀው በቴርኒ ከተማ ሰዎችን ሲያነጋግር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ ወጣት ሠራተኛ በፖሊስ የተገደለው በመጋቢት 1949 እ.ኤ.አ.፣ ጣሊያን ኔቶን መቀላቀሏን በመቃወም በወጣ ሰልፍ ላይ ነው። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ግን የሞተው በ1953፣ ከፋብሪካው በርካታ ሠራተኞች ሲባረሩ በተነሳው ግጭት ነው ብለው ይተርካሉ። ፖርቴሊ «ተሳስተዋል» ብሎ አላለፈውም። ያ ሞት ያለ ምላሽ ማለፉ ሕዝቡን ስለከነከነው፣ ትርጉም ወደሚሰጠው ትልቅ ትግል አዛወረው አለ። ሰነዱ መቼ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ስህተቱ ደግሞ ሰዎቹን ምን እንዳመማቸው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቅርቡ፤ አዛውንቱን በሕዝብ ፊት ማረም ግን ነውር ነው።

ገጠርን ሳጥን ውስጥ መቆለፍ

ሞፈር፣ እንዝርት፣ የሸክላ ማሰሮ። ጥሩ ነው፤ ግን ገጠር ማለት የመሬት ክርክርም፣ ወደ ከተማ የፈለሰ ልጅም፣ በስልክ የሚላክ ገንዘብም ነው። እነዚህ የሌሉበት ዐውደ ርዕይ እንግዳ ያስደስታል፤ ነዋሪው ግን ራሱን አያገኝበትም።

ፈቃድን ፊርማ ብቻ አድርጎ ማየት

ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የማይዳሰሱ ቅርሶች (ተረት፣ ዘፈን፣ በዓልን የመሳሰሉ) ስምምነት አንድን ነገር ቅርስ የሚያሰኘው የማኅበረሰቡ የራሱ ዕውቅና እንደሆነ ያስቀምጣል። በ2015 የወጡት የሥነ ምግባር መርሆዎች ደግሞ ፈቃዱ በነጻነት፣ አስቀድሞና ነገሩን ተረድቶ የተሰጠ እንዲሁም ቀጣይነት ያለው እንዲሆን ይጠይቃሉ። ቀጣይነት የምትለዋን አስምሩባት፤ ሰው ዛሬ የፈቀደውን ቅጂው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሊጠላው ይችላል። ስም መሰረዝም ብቻውን አይበቃም። «የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የመጀመሪያ ሚስት» ብላችሁ ከጻፋችሁ መንደሩ በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ለባለታሪኩ አንብቡለት፤ ይውጣልኝ ያለው ይውጣለት።

ትንንሽ የሚመስሉት

ማሳ በሚታረስበትና ሰብል በሚሰበሰብበት ሰሞን ስብሰባ አትጥሩ። ድምፅ ስትቀዱ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል፣ የጥራቱ ልክም በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይሁን፤ ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ራቁ፤ ስልካችሁን ዝጉ። ቀረጻው ሲጀመር ስም፣ ቀንና ቦታ በድምፅ ተናገሩ፤ የፋይል ስም ይጠፋል፣ ድምፁ ግን አብሮ ይኖራል። ከታተመ ፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊቱ ይሰርጋል፣ ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱም ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

የመጀመሪያው ቅጂ ለባለታሪኩ ቤተሰብ፣ ሁለተኛው ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ወይም ትምህርት ቤት ይሰጥ። የተረከበው ሰው ስምና ኃላፊነት በጽሑፍ ይስፈር፤ የፕሮጀክቱ በጀት ሲያልቅ ፋይሎቹን ማን እንደሚጠብቃቸውም በዚያው ወረቀት ላይ ይካተት።