ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረ የቫርኒሽ ሽታ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ቁም ሳጥኑ ከተቀባ ወራት አልፈዋል፤ ከውጭ ምንም አይሸትም፤ በሩ ሲከፈት ግን ሽታው አፍንጫ ይመታል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአየር እጦት ነው። ዘይት ያለበት ቫርኒሽ ቲነሩ ስለተነነ ብቻ ደረቀ አይባልም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ መጠንከር አለበት። ተዘግቶ በሚውል መሳቢያ ውስጥ ግን ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ጥሬ ሆኖ ይቀመጣል።

ነጭ ጨርቅ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በትንሹ አርሰው ውስጡን ይሹ፤ ጥፍርዎንም ጫን ያድርጉበት።

ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ወይም ጥፍር ምልክት ከተወ፦ ቀለሙ አልጠነከረም፤ በአብዛኛው ወፍራም ተደርጎ ስለተቀባ ነው። መሳቢያዎቹን ያውጡ፣ የጀርባው ሰሌዳ የሚነቀል ከሆነ ይንቀሉት፣ በአኳራጅ ይጥረጉና ቬንትሌተር ወደ ውስጥ አዙረው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያናፍሱት። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሞቅ ይፈጥናል። ከዚያም ካጣበቀ ትዕግሥት አይፈታውም፤ ተፍቆ ይነሳ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨምድደው አይጣሉ! ዘይት የጠጣ ጨርቅ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ደርቆ ጠንክሮ ሽታው ብቻ ከቀረ፦ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ) ያሽገዋል። 200 ግራም ሰም የወጣለት የሼላክ ቅርፊት በ1 ሊትር አልኮል ውስጥ ያሳድሩ፣ በማግስቱ አማስለው በቀጭን ጨርቅ ያጥልሉ። ገጹን በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርገው፣ አቧራውን ጠርገው፣ 2 ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ በመካከሉ 1 ሰዓት ይጠብቁ። አልኮሉ ተንኖ እስኪያልቅ እሳት አይቅረብ። ቸኩሎ ባልደረቀ ዘይት ላይ ሼላክ መቀባት ግን ትልቁ ስህተት ነው፦ ከሥር ያለው ዘይት አየር ተነፍጎ ጭራሽ አይጠነክርም፣ ከላይ ያለውም ይሰነጣጠቃል።

ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፦ ሳጥኑ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪ ወይም ክር በማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) መሆኑን ይዩ። ከሆነ፣ የሚያቃጥለው ከማጣበቂያው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ይብሳል። ያልተሸፈነ ጠርዝ፣ የመደርደሪያ ቀዳዳና ጀርባው በዚሁ ሼላክ ይሸፈኑ።

የሻጋታ ሽታ ከሆነ ከቀለም ጋር አይገናኝም፤ እርጥበቱ ከየት እንደሚገባ ይፈለግ።

ቤኪንግ ሶዳና ቡና ሽታውን ለጥቂት ቀን ቢደብቁት ነው። የነቃ ከሰል (ሽታ እንዲስብ ተደርጎ የተዘጋጀ ከሰል) የቲነር ትነት ይስባል፤ ሆኖም ምንጩ ጥሬ እስከሆነ ድረስ በቶሎ ይሞላል።

ሲጨርሱ በሩን ለ24 ሰዓት ዘግተው ይክፈቱ። ሽታው ከተመለሰ የመሳቢያውን ሥርና የማጠፊያውን ጉድጓድ ይመልከቱ፤ ብሩሽ ብዙ ጊዜ የሚዘላቸው እነሱን ነው።