ግቢ ውስጥ ያለን ትልቅ ድንጋይ ሳያስፈልጡ አትክልት እንዴት መትከል ይቻላል?

እንደ እንጦጦ ሥር ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች ቤት የሠራ ሰው ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ቢያገኝ፣ መጀመሪያ የሚያስበው ፈላጭ መጥራት ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ከላይ የሚታየው ጥቂቱ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩን ለመጨረስ ወጪው ከባድ ነው። ደግሞስ ከዚህ የሚበልጥ ምን ጌጥ ይገዛል?

በመጀመሪያ ድንጋዩን አጥኑት። ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ እዩ። ቦታውን በችካል ምልክት አድርጉበት። ፀሐይ ባለበት ቀን ደግሞ ጠዋት፣ ቀትር ላይና አስር ሰዓት ገደማ ጥላው የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡቡና ምዕራቡ ጎን ይግላል፤ ሰሜኑ ቀዝቀዝ ይላል። የምትተክሉትን የሚወስነው ይህ ነው።

ከዚያ ዙሪያውን አጽዱ፣ አረሙን ከነሥሩ ንቀሉ። ድንጋዩን ግን አትፈትጉት፣ ቀለምም አትቀቡት። ላዩ ላይ ያለው የድንጋይ ሽበት ብዙ ዓመት ፈጅቶ የበቀለ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው። በቁልቁለቱ በኩል ሥሩን ፈጽሞ አትቆፍሩ። ድንጋዩ የሚነቃነቅ ከመሰላችሁ ምንም ሳትነኩ ባለሙያ አሳዩ።

አፈሩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ዶማው አለት ከነካ ፈቀቅ በሉ። ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይዞ ሥር ስለሚያበሰብስ አሸዋ፣ ጠጠርና የበሰለ ፍግ ቀላቅሉበት። እርጥቡን አፈር ጨብጣችሁ በጣት ነካ ስታደርጉት ከተፈረካከሰ ይበቃል። እንደ ጭቃ ከተድቦለቦለ አሸዋ ጨምሩ።

ችካል የመታችሁበት ቦታ ላይ ጠጠር አንጥፉ፤ አለበለዚያ ከድንጋዩ የሚወርደው ውኃ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ትንሽ ቦይ አውጥታችሁ ውኃ ወደሚወድ ተክል ብትመሩት ደግሞ ትርፍ ነው።

ተከላው ሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ በደንብ ሲገባ ይሁን። በሚግለው ጎን እሬትና የጥብስ ቅጠል፣ ስንጥቁ ውስጥ ጦስኝ ትከሉ። ጦስኝ ከደጋ ድንጋያማ ቦታ የመጣ ስለሆነ ጥቂት አፈር ይበቃዋል፤ በእጅ ዳሰስ ሲያደርጉት ሽታው ግቢውን ያውደዋል። በጥላው በኩል ፈርን (ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ አበባ የሌለው ተክል) እና ካላ ሊሊ (እንደ ጥሩንባ ያለ ነጭ አበባ) ይስማማቸዋል። ኮባ ከፈለጋችሁ ከድንጋዩ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፣ ቅጠሉ ሲንሰራፋ ይሸፍነዋል። ባሕር ዛፍ ግን አጠገቡ አይድረስ፤ ውኃውን ጠጥቶ ሌላውን ያደርቃል።

ተጨማሪ ድንጋይ ካመጣችሁ ቀለሙ ተመሳሳይ ይሁን፣ አንድ ሦስተኛውንም ቅበሩት። ላዩ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ከመኪና የወደቀ ይመስላል።

የመጀመሪያው በጋ ላይ አመሻሽ ላይ ከሥሩ አጠጡ። እሬቱን ግን አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጡት።