ሑሉ ሙር በኮምቦልቻ ምጣድ

ሱዳን የኖረ ሰው ረመዳን ሲደርስ ሑሉ ሙር ይናፍቀዋል። ከበቀለ ማሽላ የሚሠራ የማፍጠሪያ መጠጥ ነው። ሊጡ በቅመም ይቦካል፣ በስሱ ይጋገራል፣ ይደርቃል። መጠጣት ሲፈለግ ቂጣው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቀኑን ሙሉ የደረቀ ጉሮሮን እንደሱ የሚያርስ ነገር እኔ አላውቅም።

የተማርኩት ኦምዱርማን ነው። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ ሁላችንም ሐጃ የምንላቸው ሴት፣ «ያ ቢቲ (ልጄ)፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ በእኛ አየርና በእኛ ምጣድ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

ሥራው ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን፣ ይጠናቀቅ። ሱዳኖችም የሚያደርጉት እንደዚያ ነው፤ እየጾሙ እሳት ዳር መዋል ከባድ ነው።

ማሽላ ከሐርቡ በኩል እንደልብ ይመጣል። ባቲ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ገበያ ላይ አማርጣችሁ ትገዛላችሁ። እኔ ነጩን እመርጣለሁ። የዘንድሮ ምርት ይሁን፤ የከረመና ነቀዝ የበላው አይበቅልላችሁም። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባውን ግን በፍጹም አትንኩ። የነቀዝ ክኒን የገባበትንም ተዉት። ሻጩን ሳታፍሩ ጠይቁት።

ብቅል ማብቀል ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ማሽላውን አጥባችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት አጥልሉትና በንጹሕ እርጥብ ጆንያ ላይ አስጥታችሁ ሸፍኑት። ጠዋትና ማታ ውኃ እየረጫችሁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፤ ካልተነካካ ይሞቅና ይሻግታል። ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ደሴ ግን ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ብርዱም የዋዛ አይደለም። የደሴ ሰዎች እስከ አምስት ቀን ታገሡት፣ ማታ ማታም ሙቀት ያለበት ክፍል አስገቡት።

ቡቃያው የጣት አንጓ ሲያህል ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ አሽታችሁ ሥሩንና ቡቃያውን አበጥሩና ጣሉ። ይህን እንዳትዘሉ። ለጋ የማሽላ ቡቃያ መርዝነት አለው፤ ገበሬ ከብቱን ከለጋ ማሽላ የሚያርቀው ለዚህ ነው። የጣላችሁትንም በግ ወይም ዶሮ አይብላው። ማበጠሩ፣ ማቡካቱና በደንብ መጋገሩ አብረው ናቸው ጉዳቱን የሚቀንሱት።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ተራ አትያዙ። ሽታው አይለቅም።

አሁን ሊጡ። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ኪሎ የብቅል ዱቄትና አንድ ኪሎ ያልበቀለ የማሽላ ዱቄት ይበቃል። ያልበቀለውን ገንፎ አገንፉና ለብ እስኪል ጠብቁት። ትኩስ እያለ ብቅሉን ከጨመራችሁበት የብቅሉ ኃይል ይሞታል። ለብ ባለው ላይ ስታሹት ግን ወፍራሙ ገንፎ እጃችሁ ላይ እየቀጠነ፣ እየጣፈጠም ይሄዳል። ሐጃ በዚህ ሰዓት ጣታቸውን ልሰው ዝም ካሉ ሊጡ አልሆነም ማለት ነው። ከሆነላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

ቅመሙ የእያንዳንዱ ቤት ምሥጢር ነው። የእኔ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ነው፤ ሁሉም ደርቆ የተፈጨ። ከየዓይነቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አደርጋለሁ፤ ሄል ውድ ስለሆነ አንድ። ከርከዴ፣ ተምርና ሮቃ ለየብቻ ዘፍዝፌ አጠልልና ውኃቸውን ሊጡ ላይ አፈሳለሁ። የሊጡ ቀይነትና ጎምዛዛነት ከእነዚህ ጭምር ነው። ሮቃን ሱዳኖች አረዲብ ይሉታል። ካላገኛችሁት ከርከዴውን አብዙት። ሄል ከጠፋ ኮረሪማ ይሠራል፣ ጣዕሙ ግን ወደ እኛ ቤት ያደላል።

ከድናችሁ አስቀምጡት። እኛ ጋ አንድ ቀን ከሌሊት ይበቃል። ደሴ በጋቢ ጠቅልላችሁ ሁለት ቀን ስጡት። ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ሽታ ሲመጣ በውኃ አቅጥናችሁ ወደ ምጣድ ነው።

ብቻችሁን አትጋግሩት። ሱዳን ውስጥ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚሠራበት ልማድ ነፊር ይባላል፣ ልክ እንደ ደቦ። አንዷ ታቀጥናለች፣ አንዷ ትጋግራለች፣ አንዷ ታሰጣለች። እኔ ጋ ክርስቲያን ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ይዛ ትመጣለች፤ ስንጨርስ ድርሻዋን ይዛ ትሄዳለች። ሰፈራችሁ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲነሳ በመተማ በኩል የወጣ ሰው ካለ ጥሩት። ያ ጦርነት የጀመረው በረመዳን ነው። ሽታው ብቻውን ብዙ ነገር ይመልስለታል።

ሱዳኖች የሚጋግሩት በብረት ሳጅ ላይ ነው። ሊጡን በገርገሪባ፣ ማለትም ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ጠፍጣፋ መግፊያ፣ በስሱ ይገፉታል። እኛ ምጣዱን በጥቂት ዘይት አስሰን በጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያ መግፋት እንችላለን። እንጀራ አይደለም፣ ዓይን እንዲያወጣ አትጠብቁ። አክንባሎም አያስፈልገውም። ወረቀት የሳሳ፣ ቡናማና ጠርዙ የተነሳ ሲሆን አንሱት። ገና ለስላሳ እያለ እጠፉና ጥላ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አድርቁት።

ለማፍጠሪያ ሁለት እጥፋት በሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ከዙሁር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ዘፍዝፉ። መግሪብ ሲደርስ አጥልሉ፣ ስኳር ጨምሩ፣ አቀዝቅዙ። ካደረ መቡካት ስለሚጀምር ለየቀኑ አዲስ ዘፍዝፉ። ከበሊላ፣ ማለትም ከንፍሮ፣ እና ከተምር ጋር ይስማማል። በገዚራ፣ ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች አፍጥር ሲደርስ መንገዱን ዘግተው ሹፌሩንም ተሳፋሪውንም ምንጣፍ ላይ ያስቀምጣሉ። የሚቀዳላቸውም ይኸው ነው። ስለዚህ ማሰሮውን ከቤተሰቡ ቁጥር አብልጣችሁ ሙሉት።

የቀረውን ደረቅ ቂጣ እርጥበት በማይገባበት ላስቲክ አስራችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። በደንብ ከደረቀ ለወራት ይቆያል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ ሰባብራችሁ አሽጉት፤ ቦታ አይፈጅም።