በባትሪ የሚሞቅ ሰደርያ ለጣና ንጋት

ጎህ ሳይቀድ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው የጥርን ነፋስ በጋቢ ብቻ አይችለውም፤ ጋቢ የሰውነትን ሙቀት ይይዛል እንጂ አያመነጭም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፍት አውሮፕላን ያበርሩ የነበሩ ወታደሮችም የገጠማቸው ይኸው ነው። አየሩ በየ1000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 1800 ሜትር ግድም ላይ ባለው ጣና 10 ዲግሪ በሆነበት ንጋት 5000 ሜትር ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ይደርሳል። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ለአንዳንዶቹ በልብሳቸው ገበር ውስጥ ሽቦ ተዘርግቶ፣ ነፋስ ከሚያዞረው ትንሽ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ይቀበል ጀመር። እኛ ዲናሞውን በ12 ቮልት ባትሪ እንተካዋለን።

ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የኒክሮም (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) ሽቦ 8 ሜትር ይግዙና እኩል አራት ቦታ ይቁረጡት። እያንዳንዱ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ 17 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ በ12 ቮልት 0.7 አምፔር ስቦ 8 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። የተበላሸ ምጣድ ሬዚስታንስ ፈትቶ መጠቀም ያጓጓል፤ ነገር ግን ደንዳና ስለሆነ ጀርባ ይወጋል፣ አልመክረውም።

ሁለቱን ሽቦ በጀርባ፣ ሁለቱን በደረት በኩል፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ እያጠማዘዙ በወፍራም ጥጥ ገበር ላይ በላላ ስፌት ይያዟቸው፤ ከተወጠሩ ሰውየው ጎንበስ ሲል ይበጠሳሉ። ኒክሮም በቆርቆሮ ብየዳ እሺ ስለማይል ጫፉን ከመዳብ ሽቦ ጋር በተርሚናል ጨምቀው ያገናኙት።

ዋናው ጉዳይ አያያዙ ነው። አራቱ ሽቦዎች ጭራ ለጭራ አይቀጠሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከባትሪው ሁለት መስመሮች ጋር ይገናኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አብራሪዎች የለበሱት ኤፍ-1 የተባለ ልብስ በተከታታይ የተያያዘ ስለነበር፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሙሉ ልብሱ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በኋላ የመጡት ልብሶች ይህን አርመዋል።

በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ፣ ቀጥሎም ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። አራቱ ሽቦዎች በአንድነት 2.8 አምፔር ስለሚስቡ፣ አቅሙ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት ስሌት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢያሠራም፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይመኑት። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሰደርያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው 20 ደቂቃ ያብሩትና በመዳፍዎ ይዳስሱት፤ እጅ የሚያቃጥል ቦታ ካለ ሽቦው ተነካክቶ ወይም ተጠጋግቶ ሊሆን ይችላልና ስፌቱን ፈትተው ያስተካክሉ። ከሸሚዝ በላይ እንጂ በባዶ ገላ አይለበስም።

ባትሪው ከ2 ኪሎ ስለሚበልጥ ፈጽሞ ወገብ ላይ አይታሰር፤ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን ጀልባው ላይ ይቀመጥ፣ ሶኬቱም ሲሳብ በቀላሉ የሚላቀቅ ይሁን። ሰውየው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሽቦው ራሱ ተላቅቆ ይቀራል፣ ከላይ የደረበው የመንሳፈፊያ ጃኬትም ያንሳፍፈዋል።